ጠይቁን፦ ቾሰርን ለመማር ከደሴ መውጣት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የደሴ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ማስተርሴን በሥነ ጽሑፍ ይዣለሁ። አንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለዶክትሬት ተቀብሎኛል። ርዕሴ ካንተርበሪ ቴልስ የሚባለውን የተረት ስብስብ በግጥም የጻፈው ቾሰር ነው። የትምህርት ክፍያውን ግማሽ እንችልሻለን ብለዋል፣ ቀሪውንና መኖሪያዬን እኔው ልወጣው ነው። እናቴ «የስንት መቶ ዓመት ተረት ለማን ይጠቅማል» ትላለች። አጎቴ ደግሞ ሚኒባሴን ሸጬም ቢሆን እልክሻለሁ ብሏል። ልሂድ? ስጨርስስ ሥራ አገኛለሁ?
(ሀ. ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ለአጎትሽ ደውዪና ሚኒባሱን እንዳይሸጥ ንገሪው።

በዚህ ሙያ ዶክትሬት እየተከፈለሽ እንጂ እየከፈልሽ የምትማሪው ነገር አይደለም። ብድሩን የሚመልስ ደመወዝ በኋላ አይመጣማ። በእንግሊዝም በአሜሪካም አንድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ወይ ሁለት የመካከለኛው ዘመን መምህር ነው፣ እሱም ጡረታ ሲወጣ ቦታው አብሮት የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ስም ካለው ግቢ የወጡ ጎበዞች እንኳ የአንድ ዓመት ኮንትራት እየፈረሙ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ይከርማሉ። እዚያ ቋሚ ሥራ አገኛለሁ ብለሽ ከሆነ የምትሄጂው፣ አትሂጂ።

ማንበቡን ወደሽው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያኔም ቢሆን በዚህ ደብዳቤ አይደለም። ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልሽ ጠይቂና ወደ አሜሪካ አመልክቺ። ብዙዎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያውን ትተው ለ5 ዓመት ግድም አበል ይሰጣሉ፣ በምትኩ ታስተምሪላቸዋለሽ። ማመልከቻው በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ይዘጋል። ከእንግሊዝ ስኮላርሺፖች ቺቭኒንግ የሚባለው የ1 ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው፣ የኮመንዌልዙ ደግሞ አገራችን የማኅበሩ አባል ስላልሆነች አይመለከተንም። በነሱ ጊዜሽን አትፍጂ።

ርዕስሽ ላይ ግን ትንሽ ልቆጣሽ። ቾሰር በፈረንጆቹ 1400 የሞተ ሰው ነው። ካንተርበሪ ቴልስ ከ80 በላይ በሆኑ የእጅ ጽሑፎች ተርፏል፣ በነሱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ብራናዎቹ ደጃፋቸው ካሉ ልጆች ጋር በነሱ ሜዳ ምን ያጋፋሻል? አንቺ እነሱ የሌላቸው ነገር አለሽ፣ ማመልከቻሽ ውስጥ ግን አንድም ቃል አላነሳሽውም መሰለኝ።

እዚያው ካንተርበሪ ቴልስ ውስጥ አንዲት የገዳም እመምኔት የምትተርከው የእመቤታችን ተአምር አለ። (በአይሁድ ላይ ያለው ጥላቻ ዛሬ ሲነበብ ይጎረብጣል፣ ስትጽፊ እሱን እንዳትሸፋፍኚው።) የማርያም ተአምራት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ተሰብስበው፣ በዓረብኛ በኩል ዞረው፣ ወደ ግዕዝ መተርጎም የጀመሩት በአፄ ዳዊት ዘመን አካባቢ ነው። አፄ ዳዊትና ቾሰር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው! እናትሽ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ከሆነ የዚያን «ተረት» ዘመድ ዕድሜ ልካቸውን ቆመው ሲሰሙት ኖረዋል። ፊሳልጎስም አለልሽ፣ የእንስሳትን ጠባይ እያነሳ ሃይማኖታዊ ምሥጢር የሚተረጉመው መጽሐፍ። ግዕዙ በጥንት ጊዜ ከግሪክ የተመለሰ ነው፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደግሞ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተጻፈው የኤክሰተር መጽሐፍ ውስጥ የግስላውና የዓሣ ነባሪው ግጥም ከዚሁ ዘር የወጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በየቋንቋው ማንበብ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። መራጮቹ ፊት ደረትሽን ነፍተሽ የምትቀርቢው በዚህ ነው።

ለብራናው ልምምድ ሩቅ መሄድ የለብሽም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ በሩ ላይ ደርሰሽ እንዳትመለሺ እንጂ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እዚያ ነው ያለው። ማይክሮፊልሙ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ። ቤተ መጻሕፍቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአገራችንን የእጅ ጽሑፎች ይዟል፣ ብዙዎቹ በነፃ ተመዝግበሽ ሶፋሽ ላይ ሆነሽ የሚታዩ ናቸው። ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ላቲን ግን አይቀርልሽም፣ ከዛሬ ጀምሪ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ማዕከል ላቲንን በፈተና ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዕዝም ያስተምራል፣ ለዚያ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ፣ ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ አስገቢው።

ስትመለሽስ? አሲስታንት ፕሮፌሰር ትሆኛለሽ፣ የምታስተምሪው ግን በአብዛኛው ያንኑ የፍሬሽማን ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ነው። ቅር ቢልሽም እወቂው። ግቢው ሲለቅሽ የምታስፈርሚውን ዋስና የምትፈርሚውን ውል ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ብትዘገዪ፣ የትምህርት መስክሽን ብትቀይሪ ምን ይመጣል? ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፣ ዋሱ አጎትሽ መሆኑ አይቀርምና።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ የጥንት እንግሊዝኛ ዶክትሬት ይማራል። 5ኛ ዓመቱ ነው። መቼ ትጨርሳለህ ስለው ስልኩን ያሳጥራል። እሱ ይገኝ ብለን የእህቱን ሰርግ እያራዘምን ነው። ሰነፈብን ወይስ ነገር አለ?
(አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባታችን፣ አልሰነፈም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ትምህርት መጀመሪያ 2 ዓመት ግድም ክፍል ገብቶ መማር አለ፣ ቀጥሎ ከባድ ፈተና፣ ከዚያ የመመረቂያ መጽሐፉን መጻፍ። ይህ ሁሉ 6 እና 7 ዓመት ቢፈጅ የተለመደ ነው። በዚያ ላይ እያስተማረ ነው የሚማረው። መቼ ትጨርሳለህ የሚለውን ተዉትና የስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነህ ብለው ይጠይቁት፣ ወሬው ይረዝማል። አበሉ ብዙ ጊዜ በ5ኛው ወይ በ6ኛው ዓመት ስለሚቆም፣ ከዚያ በኋላ በምን እንደሚኖር ጭምር ይጠይቁት። ስልኩን የሚያሳጥረው ይህ ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ረጅሙ የዕረፍት ጊዜያቸው የእኛ ክረምት ነው፣ በጥር ድንኳን ጥላችሁ ብትጠብቁት ትምህርት ላይ ነው። የተማሪ ቪዛው አልፎበት ከሆነ ደግሞ ከመጣ በኋላ ለመመለስ አዲስ መጠየቅ አለበት፣ ቢከለክሉት የ5 ዓመት ልፋቱ መሃል ላይ ይቀራል። ይህን ሊነግርዎት ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ልጅቷን ዳሯት። እሱ በቪዲዮ ይመርቃታል።