ለትንሽ የዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት አኳሪየም ማጣሪያ የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ቤቴ ውስጥ 3 ገንዳ አለኝ። ነጋዴ አይደለሁም፣ የምሸጥላችሁ ዕቃ የለም። የገደልኩት ዓሣ ግን ብዙ ነው። አብዛኛው መልስ የመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዳዬ 60 በ30፣ ከፍታው 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ሻጩ አንዲት ትንሽ ፊልተር ሰጥቶ "ትበቃዋለች" አለኝ። እውነቱን እንደሆነ በምን ልወቅ?

ሦስቱን ቁጥሮች አባዛና ለ1,000 አካፍል። 65 ሊትር ገደማ ይመጣል። ጠጠሩንና ከላይ የሚተወውን ክፍት ቦታ ስትቀንስ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይኖርሃል። አሁን ካርቶኑን አገላብጠህ እይ፤ በሰዓት ስንት ሊትር እንደምትገፋ ተጽፏል። ከውሃህ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ፈልግ፤ ከ220 እስከ 330 ሊትር መሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ፓምፑ ንጹሕ ሳለ የተለካ ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ይወርዳል። ጎልድፊሽ ካለህ ከፍተኛውን ያዝ፣ ቆሻሻው ብዙ ነው። ቤታ የሚባለው ዓሣ ከሆነ ግን ዝቅ አድርግ። ያ ረጅም ክንፍ ይዞ ከወራጅ ውሃ ጋር ሲታገል ይውላል።

ጥያቄ፦ ገንዳውን ቅዳሜ ገዝቼ እሑድ 10 ዓሣ አስገባሁ። ውሃው ጥርት ብሎ እንደ መስታወት ነበር። ፊልተሩም ሌሊትና ቀን ይሠራል። ዓሦቼ ግን በአንድ ሳምንት አለቁ። ምን አጠፋሁ?

ይሄን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ስንቱ እንደጠየቀኝ! አይዞሽ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ዓሣ ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት) እና ከኩሱ አሞኒያ ያወጣል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፣ ግን ይገድላል። የማጣሪያው ዋና ሥራም ጉድፍ መያዝ አይደለም፤ ለባክቴሪያዎች ቤት መሆን ነው። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል። ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ ችግር የለውም፣ ውሃ ስትቀይሪ ይወጣል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን አዲስ ፊልተር ውስጥ የሉም። እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። አንቺ ገንዳውን ቅዳሜ ገዝተሽ እሑድ 10 ዓሣ አስገባሽ።

አቋራጭ አለ። ዓሣ የሚያረባ ሰው ካወቅሽ ከቆየ ፊልተሩ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ለምኚው። እርጥቡን ይዘሽ ነይና ፊልተርሽ ውስጥ አስገቢው። በቃ፣ እርሾ ማለት ነው። ጎረቤት ሄደን እርሾ አምጥተን ሊጥ እንደምናቦካው። ግን ዓሦቹ ጤነኛ መሆናቸውን አይተሽ ውሰጂ፣ አለዚያ በሽታውንም አብረሽ ታመጪዋለሽ። እሱ ካልተገኘ 2 ወይም 3 ዓሣ ብቻ አስገብተሽ ጀምሪ። ምግቡን ቆጥቢ፣ በየ2 ቀኑ ሩብ ያህል ውሃ ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ስፖንጅ ፊልተር፣ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ወይስ ከገንዳው ውጭ ከሥር የሚቀመጠው ካኒስተር? አንዱን ምረጥልኝ።

ስፖንጅ። ወገንተኛ ነኝ፣ አልደብቅም።

ምክንያቴ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ በፊልተሩ ውስጥ ውሃ መዘዋወሩን ያቆማል፣ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ያጣሉ። ካኒስተር ጥርቅም ያለ ዕቃ ስለሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ከመሸ የጠፋው መብራት ጠዋት መጣ። ካኒስተሬ በራሱ ተነሣና ሌሊቱን የታፈነውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። ሽታው አይነሳ። 6 ዓሣ ቀበርኩ። ካኒስተር ያላችሁ፣ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ከፍታችሁ፣ ውስጡን በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ብቻ አስነሡት።

የሚንጠለጠለው ጥሩ ነው፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ግን አንዳንዱ መብራት ሲመለስ ውሃ መሳብ ያቅተውና ደረቁን ያጓራል፤ በእጅ ውሃ ሞልተህ ማስነሣት አለብህ። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ፓምፑ ሊቃጠል ይችላል።

ስፖንጁ ግን የሚቀመጠው ገንዳው ውስጥ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የአየር ፓምፕ ብቻ ነው። በዩኤስቢ የሚሠራውን ብትገዛ መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ላይ ትሰካዋለህ። ጫጩት ዓሣም አይውጥም። ጉድለቱ? መልኩ አያምርም፣ ቦታም ይይዛል። ከ100 ሊትር በላይ ለሆነ ወይም ትልልቅ ዓሣ ላለበት ገንዳ ደግሞ አንዱ አይበቃም።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው። ፊልተር ታምጣልኝ?

አታስመጣ። የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ምልልስ በሰከንድ) ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። የሶኬት አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፣ ፓምፑ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብትገዛለትም እነዚህ ፓምፖች የሚሽከረከሩት በኸርዙ ልክ ነው። ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ይልቅ ሻንጣ የማይከብድ ነገር እዘዛት፦ የዩኤስቢ አየር ፓምፕ፣ ጠብታው የአሞኒያ መለኪያ፣ የክሎሪን ማጥፊያ። ከዱባይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይስማማል፣ ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አለ። የእሱን ውሃ ብሞላውስ? ወይስ የታሸገ ውሃ?

የመጠጥ ማጣሪያው ውሃው ከመግባቱ በፊት ነው የሚያጣራው። ዓሣው ከገባ በኋላ የሚመጣውን አሞኒያ አያውቀውም፣ ስለዚህ የፊልተር ምትክ አይሆንም። ሁሉን ነገር አጥቦ የሚያወጣው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዓሣው የሚፈልገውን ማዕድንም ይወስዳል። በታሸገ ውሃ ገንዳ መሙላትማ ብር ማፍሰስ ነው።

የቧንቧ ውሃ ይበቃል፣ ክሎሪኑ ይውጣለት እንጂ። ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት አሳድሪው፤ አየር ፓምፑን ብትከቺበት ይፈጥናል። ክሎሪን ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የፊልተሩን ባክቴሪያ ጭምር ይፈጃል። ከሮቶ የተቀዳውንም አሳድሪው፣ ውሃው ትናንት ይሁን ዛሬ የመጣ በምን ታውቂያለሽ?

ጥያቄ፦ ስፖንጁን በየሳምንቱ ቧንቧ ሥር በደንብ አጥበዋለሁ። ልክ ነኝ?

አይደለህም። ከላይ ያልኩትን ክሎሪን አስታውስ። ውሃ ስትቀይር ከገንዳው ከቀዳኸው አሮጌ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርገው፣ በቃ። ሳሙና በጭራሽ። በየሳምንቱም አያስፈልግም፣ የሚወጣው ውሃ ሲዳከም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሰል ያለው ፊልተር አለኝ። ከሰሉን በየወሩ መቀየር ግድ ነው?

ጭራሽ አውጥተው በቦታው ስፖንጅ ቢጨምሩበት ይሻልዎታል። የነቃ ከሰል ሽታና ቀለም ይይዛል፣ መድኃኒት ከሰጡ በኋላም ትርፉን ለማውጣት ይጠቅማል። ከሳምንታት በኋላ ይሞላና ያቆማል፣ ቢቀቅሉትም አይመለስም። የምድጃ ከሰልማ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ውሃዬ አረንጓዴ ሆነ። ዩቪ (አልትራቫዮሌት መብራት) ያለው ፊልተር ልግዛ?

ዩቪ አረንጓዴውን ይገድላል፣ አሞኒያውን አይነካም። መጀመሪያ ገንዳውን ከመስኮቱ ፀሐይ አርቀው፣ ምግብም ቀንስ። ገንዘብህ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ቀን ደህና ናቸው።

አየር አጥሯቸዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንዲሁ። በዚያ ላይ ተክል ካለህ ማታ ማታ እሱም ኦክስጅን ይጠቀማል። ለዚህ ነው ጠዋት የሚብሰው። የፊልተሩን አፍ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አድርገህ አዙረው። ደግሞ ዓሣ አብዝተህ ከሆነ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ልደት በብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን አንድ ጎልድፊሽ ተሰጣት። ለሳህኑ የሚሆን ትንሽ ማጣሪያ አለ?

ለሳህኑ የሚሆን የለም እህቴ። ያ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ገንዳ እስክትገዙለት ድረስ ሳሙና ያልነካው ትልቅ ባልዲ ውስጥ አንድ ስፖንጅ ፊልተር ጨምራችሁ አስቀምጡት። አያምርም፣ ግን ይኖራል። ልጅቷ ከላይ ሆና ታየዋለች።