ከዚራ ጣራ ላይ ያላለቁ ጥያቄዎች፦ ስለ ኅዋ ቴሌስኮፖች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ጓደኛዬ ቤት ጣራ ላይ ትንሿን ቴሌስኮፔን ተክዬ ነበር። ሰው የመጣው ሳተርንን ሊያይ ነው። ካየ በኋላ ግን ወሬው ሁሉ ወደ ኅዋ ቴሌስኮፖች ዞረ። ጊዜው ስላልበቃን የቀረውን ጥያቄ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ሐረር ያሉ ልጆችም በስልክ ጨመሩበት። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ የቴሌስኮፕ መረጃ እያወረድኩ እሠራበታለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጋሼ፣ ቴሌስኮፕ ወደ ኅዋ የሚላከው ለኮከቦቹ እንዲቀርብ ነው? (ከሳቢያን)

አይደለም የኔ ልጅ። ሃብል የተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ ከመሬት ያለው ርቀት ከ500 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በመኪና ከዚህ አዲስ አበባ እንደ መሄድ በለው። ለኮከብ ይሄ ምንም ማለት አይደለም።

የሚሸሸው አየሩን ነው። በቀትር ለገሃር አካባቢ ቆመህ አስፋልቱን እይ። ከሩቅ የሚመጣው ባጃጅ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ይወዛወዛል። የጋለው አየር ብርሃኑን እያጣመመው ነው። ቅዳሜ ማታ የሳተርን ጠርዝ ሲርገበገብ አላያችሁም? ያው አየር ነው። በዚያ ላይ አየሩ ኤክስሬይን ጨርሶ፣ ኢንፍራሬድን (ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን) ደግሞ አብዛኛውን ያግድብናል። ያንን ብርሃን የፈለገ ከአየሩ በላይ መውጣት አለበት።

ለዚህ ደግሞ ቅርባችን ታሪክ አለ። የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ሳተላይት የተወነጨፈችው ከኬንያ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት ቀን። ስሟንም ኡሁሩ አሏት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አሁንም ተማሪዎቼ ሳይሰሙት እንዳይመረቁ እፈልጋለሁ።

አቦ፣ ጄምስ ዌብ የሚባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ ለምን ያን ያህል ይቀዘቅዛል? እኛ ብርድ ብርቃችን ነው።

እንዲያውም የድሬ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከግንብ አጥር አጠገብ ቁሙ። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይቷል፤ ግንቡ ግን አሁንም ፊታችሁን ይለበልባችኋል። ብርሃን አይታያችሁም፤ ሙቀት ግን ይሰማችኋል። ኢንፍራሬድ ማለት እሱ ነው።

ዌብ የሚያየው በዋናነት ያንን ብርሃን ነው። ራሱ ከጋለ የራሱ ሙቀት የሩቅ ጋላክሲዎችን ይሸፍንበታል። ስለዚህ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ባለ 5 ድርብ ጥላ ተዘረጋለት። ፀሐይ የሚመታው ጎን 85 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጥላ ውስጥ ያለው ጎን ግን ከዜሮ በታች ወደ 233 ዲግሪ ይወርዳል። በመሐል ያለው በየተራ የተዘረጋ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። እኔ ከወርቅ ቅቡ መስታወት ይልቅ ይሄ ጥላ ነው የሚገርመኝ።

ታዲያ እንዲህ ጎበዝ ከሆነ የረመዳንን ጨረቃ አያይልንም? (ከሐረር፣ ጀጎል)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዌብ ጨረቃን ጨርሶ አያይም። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከፀሐይ ተቃራኒ በሆነው በኩል ነው ያለው። ከዚያ ሲታይ ፀሐይም፣ መሬትም፣ ጨረቃም በአንድ ወገን ናቸው፤ ከጥላው በስተጀርባ። ዞር ብሎ ሊያያቸው ቢሞክር መሣሪያዎቹ በሙቀት ይበላሻሉ። የረመዳኗን ጨረቃ ያው በየጣራችን ላይ ሆነን እንጠብቃታለን።

ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ማንም። ሃብልን ጠፈርተኞች ከ1993 እስከ 2009 አምስት ጊዜ ሄደው ጠግነውታል። መስታወቱ ሲሠራ የተፈጠረበትን ስህተት ያረሙትም መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ ነው። ዌብ ግን ከጨረቃ ወደ 4 እጥፍ ይርቃል። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ሲወነጨፍ አንዱ ብቻ ቢከሽፍ ሁሉንም ሊያበላሹ የሚችሉ 344 ነጥቦች ነበሩት። ሁሉም ሠሩ።

ፎቶዎቹ ላይ ያለው ቀለም እውነት ነው ወይስ የተቀባ?

የዌብ ብርሃን አብዛኛው ለዓይናችን አይታይም። ስለዚህ ረጅሙን ሞገድ ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ አድርገው ያሳዩናል። ቅደም ተከተሉ እውነት ነው፤ ቀለሙ ትርጉም ነው። ከቴሌስኮፑ የሚመጣው ፎቶ ሳይሆን ቁጥር ነው። የተመራማሪው ሥራ የሚጀምረው ከቁጥሩ ነው።

ጋሼ፣ የማይታይ ፕላኔት እንዴት ይገኛል?

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ የእኔም ሥራ እዚህ ነው።

ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሰዋል። በብር እንየው። ጁፒተር በፀሐይ ፊት ቢያልፍ ከ100 ብር 1 ብር ያጎድላል። መሬት ግን ከ10,000 ብር ላይ 1 ብር እንኳ አትሞላም። የመጋላ ነጋዴ ይቺን ጉድለት ማታ ሲቆጥር ይደርስባታል። ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕም ሥራው ይሄው ነበር። ከ2009 እስከ 2018 እየቆጠረ ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች ተገኙበት። አሁን ቴስ የተባለው ተተክቷል።

ከጥቂት ዓመት በፊት የቴስን መረጃ አውርጄ የአንድ ኮከብ ብርሃን በየ3 ቀኑ ዝቅ ሲል አየሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለወንድሜ ደውዬ «አገኘሁ» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ከዚያ አንድ ማታ ዝቅታዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ሳያቸው ጥልቀታቸው እኩል አይደለም። አንዱ ጠለቅ፣ ቀጣዩ ሳሳ፣ ደግሞ ጠለቅ ይላል። ፕላኔት ቢሆን ሁሉም እኩል ይሆን ነበር። ለካ ሁለት ኮከቦች ናቸው፤ በየተራ እየተጋረዱ። አዘንኩ፤ ግን ፕላኔት የሚመስለውን ከእውነተኛው መለየት የተማርኩት ያኔ ነው። አሁን ማንኛውንም ኮከብ ሳይ መጀመሪያ የማረጋግጠው ይህንን ነው።

ቡና የሚባል ኮከብ አለ ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው እንዴ ልጄ? (ከመጋላ፣ አንዲት እናት)

እውነት ነው እማማ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየም ዕድል ሰጠ። የኢትዮጵያ ኮከብ ቡና ተባለ፤ ፕላኔቱም አቦል። ቶናና በረካ ገና አልተገኙም!

አቦል ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ይከብዳል። እሱ የተገኘው በመጋረድ አይደለም፤ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው በብርሃኑ ላይ በሚታየው ለውጥ ነው፤ ያውም ከመሬት ላይ ባለ ቴሌስኮፕ። ቡና ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። ዛሬ ማታ የሚደርሰን ብርሃን ከዚያ ሲነሳ ድሬዳዋ አልነበረችም፤ ከተማችን ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው በ1902 ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ኅዳር ላይ ከመጡ በሰሜን በኩል በባይናኩላር አሳይዎታለሁ።

ሕይወት ተገኘ?

አልተገኘም። ዌብ ግን የሩቅ ፕላኔት አየር ውስጥ ምን ጋዝ እንዳለ ይለያል። በ2022 ዋስፕ-39ለ በተባለው ፕላኔት አየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በግልጽ አይቷል። ያ ፕላኔት ወደ 700 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው።

እኔ ሐረር ሆኜ፣ ላፕቶፕ ብቻ ይዤ ምን ልሠራ እችላለሁ?

ብዙ። ይሄን ጥያቄ ስትልክልኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። የቴስ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። የዌብም ቢሆን ምልከታውን ያስፈቀደው ቡድን ብዙውን ጊዜ ቢበዛ ለ12 ወር ይይዘዋል፤ ከዚያ ይለቀቃል። የአንድ ኮከብ የ27 ቀን የብርሃን መዝገብ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነው። ከአንድ የስልክ ፎቶ አይበልጥም። መረቡ ሲያስቸግርህ ሌሊት አውርደው።

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ካልቻልክ ፕላኔት ሃንተርስ ከሚባለው ድረ ገጽ ጀምር። የኮከቡን ብርሃን የሚያሳየውን መስመር ታያለህ፣ ዝቅ ያለበትን ምልክት ታደርጋለህ፤ ኮድ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ያለፋቸውን ፕላኔቶች እንዲህ በዓይናቸው ያገኙ ተራ ሰዎች አሉ። ፓይተን ከቻልክ ላይትከርቭ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፤ በነፃ ነው። ዝቅታ ስታይ ደግሞ ለወንድምህ ከመደወልህ በፊት ጥልቀቶቹን አስተያይ።

ቀጣዩ ፕሮግራም መቼ ነው?

የፊታችን ቅዳሜ፣ ማታ 2 ሰዓት፣ እዚያው ጣራ ላይ። ደመና ካለ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁ፤ አንድ ኮከብ አብረን እናወርዳለን። ወንበር ስለማይበቃ ምንጣፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።