ክንፍ የሌላት ሁሉ ግልገል አይደለችም

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም አጠገብ ካለ ኩሬ ላይ ውሃው ላይ የሚንሸራተቱ ባለ ረጅም እግር ነፍሳት ፎቶ አነሳሁ። ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ይሆናሉ። ክንፍ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። የሌላቸው ገና ያላደጉ ናቸው ወይስ ሌላ ዝርያ? ከላይ በተነሳ ፎቶ ስማቸውን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ በክንፍ አይለዩ። የአንድ ዝርያ አዋቂዎች ረጅም ክንፍ፣ አጭር ክንፍ ወይም ጨርሶ ክንፍ አልባ ሊሆኑ ይችላሉ። ዕድሜያቸውን የሚያሳውቀው የእግራቸው ጫፍ ነው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጥፍሩ ያለበትን የመጨረሻ ክፍል ይመልከቱ፤ የአዋቂው ባለ 2 አንጓ፣ የግልገሉ ባለ 1 አንጓ ነው። ግልገል ከሆነ እዚያው ይልቀቁት፤ 5 ጊዜ ቆዳውን ገፍፎ እስኪያድግ ድረስ ዝርያውን መለየት ለባለሙያም ይከብዳል።

በዚህ መጠን በስዊድን ኩሬዎች በብዛት የሚገኙት የጌሪስ ወገን ናቸው፦ ላኩስትሪስ (8–10 ሚሊሜትር)፣ ኦዶንቶጋስተር (7–9) እና አርጀንታተስ (6.5–8)። ልኬታቸው እንደሚያዩት ይደራረባል፤ ከላይ የተነሳ ፎቶም አይበቃም፤ ዋናው ምልክት ያለው ከሆድ በታች ነው። የኦዶንቶጋስተር ወንድ ከሆዱ ሥር፣ ወደ ጫፉ አካባቢ፣ ሁለት ጥርስ መሰል ጉጦች አሉት። ስሙም በግሪክኛ «ሆደ ጥርስ» እንደማለት ነው። ወንዱ በነዚህ ጥርሶች የምትታገለውን ሴት አጥብቆ ይይዛል። የላኩስትሪስ ወንድ ይህ የለውም።

ሴቷ ግን ጥርስ የላትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ስላላየ ብቻ «ላኩስትሪስ» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ መጀመሪያ ፆታውን ይለዩ፦ የወንዱ የሆድ ጫፍ እንደ ቱቦ ወጣ ያለ ሲሆን የሴቷ ሰፋና አጠር ያለ ነው። ተጣብቀው ካገኙ ሁለቱንም አንድ ላይ ይያዙ። የላይኛው ወንዱ ነው፤ የእሱ ሆድ የሴቷንም ስም በአብዛኛው ይጠቁማል። በአብዛኛው የምንለው ወንዶቹ አንዳንዴ በስህተት የሌላ ዝርያ ሴት ላይ ስለሚወጡ ነው። ወንድ ካልተገኘ «ጌሪስ» ብለው ይተዉት፤ በግምት ከተጻፈ የዝርያ ስም ይህ እጅግ ይሻላል።

አርጀንታተስ በደረቱ ጎን ባለው ብርማ ጸጉር ይታወቃል። የሚታየው ግን ደርቆ ሳለ ብቻ ስለሆነ አልኮል ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ይዩት። ለማስቀመጥ ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ይበቃል።

አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውሃ የተሞላ ብልቃጥ ውስጥ አይጨምሯቸው፤ ሲናጡ ውሃ የማያስገባው ጸጉራቸው ርሶ ይሰምጣሉ። የሳሙና ቅሪት ያለበት ዕቃም ያሰምጣቸዋል። እርጥብ ወረቀት የተነጠፈበት ዕቃ ይጠቀሙ፤ ስለሚበላሉም አያጭቋቸው። ከታች ፎቶ ለማንሳት ጥርት ባለ የመስታወት ክዳን ሥር ቀስ አድርገው ያሳርፏቸውና ገልብጠው ያንሱ፤ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ አጠገባቸው ይኑር። ርዝመቱን ከራስ እስከ ሆድ ጫፍ ብቻ ይለኩ፤ እግርና አንቴና አይቆጠሩም።

ጥያቄ፦ በፈጣን ወንዝ ላይ መንጋ ሆነው ሽቅብ የሚሮጡ ድቡልቡል ትንንሾችስ?

መልስ፦ እነዚያ ቬሊዳ የሚባል ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የኋላ ጭናቸው አጭር ነው፤ የሆዳቸውን ጫፍ ብዙም አያልፍም። የጌሪስ ግን አልፎ ይሄዳል። ራጎቬሊያ የተባሉት በመካከለኛ እግራቸው ጫፍ ላይ ማራገቢያ መሰል ጸጉር አላቸው። ከውሃ ሲወጡ ስለሚታጠፍ፣ ውሃው ላይ ሳሉ ይፈልጉት።