ጆሮዋ ሆዷ ላይ ያለው ፌንጣ

ባለፈው ስለ ልጆች ባለ ሥዕል መጻሕፍት ካነሳን ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፤ የጓሮ ነፍሳትን እያሳየ ልጅን የሚያስቅ መጽሐፍ። የተወሰኑትን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ጉንዳን ካየች ሮጣ ትረግጣለች፣ ሸረሪት ካየች ደግሞ ትጮሃለች። አስቂኝ መጽሐፍ ይህን ያስተዋታል? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ መጽሐፉ ብቻውን አያስተዋትም፣ ግን በጣም ያግዝሻል። ልጅ አንዴ የሳቀችለትን ነገር እንደ ድሮው አትፈራውም። አንብበሽላት ስታበቂ ይዘሻት ጓሮ ውጪ። ስኳር ቆንጠር አድርገሽ መሬት ላይ አስቀምጪና ጠብቁ። መጀመሪያ አንዲት ጉንዳን ታገኘዋለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ የሆዷን ጫፍ መሬት እያስነካች ሽታ ትታ ትሄዳለች። ሌሎቹ ያንን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ሰልፍ ነው። ልጅሽ ቁጢጥ ብላ ማየት ከጀመረች አትቸኩዪባት።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በረሮ ባየን ቁጥር ጫማ ይዘን የምንሮጥ ከሆነ ልጆቹም የሚማሩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ነፍሳት የልጆች መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ሸረሪትንም ከነፍሳቱ ጋር ቀላቅዬ ስድስት እግር አድርጌ ሥያታለሁ። ዋናው ማሳቁ ስለሆነ ችግር አለው? (ጀማሪ ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር)

አለው፣ ወንድሜ። ነፍሳት ስድስት እግር ነው ያላቸው፣ ሸረሪት ግን ስምንት። ከነፍሳት ወገንም አይደለችም። ነፍሳቱ ሻይ ቢጠጡ፣ ቢጨቃጨቁ፣ ታክሲ ቢጋፉ ልጁ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። የእግሩን ቁጥር ግን እውነት ነው ብሎ ይይዘዋል። ደግሞ ልጆች እግር ይቆጥራሉ!

እኔን የሚቆጨኝ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎች ለማሳቅ ሲሉ ንቧን መነጽር ያስደርጓትና ያልፋሉ። እውነተኛ ኑሯቸው ከዚያ በላይ ያስቃል እኮ። ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯም ነው፤ እንጀራው ላይ ስትረማመድ እየቀመሰች ነው። የፌንጣ ጆሮ ሆዷ ላይ ነው፣ ከክንፏ ሥር። ወንዱ ንብ መናደፊያ የለውም። ወንዱ ትንኝም ደም አይመጥም፣ የምትነድፈን ሴቷ ብቻ ናት።

እበት የምታንከባልለውን ጥንዚዛ ደግሞ ልብ ብለህ እያት። እበቱን ታድቦለቡልና፣ ጭንቅላቷን ወደ መሬት ዘቅዝቃ በኋላ እግሮቿ እየገፋች ወደ ኋላ ትሄዳለች። አንዳንዴ ድቡልቡሉ ላይ ወጥታ ዞር ዞር ትላለች፣ የምትጨፍር ነው የምትመስለው። ሰማዩን አይታ አቅጣጫ እየያዘች ነው። የስዊድንና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በፍኖተ ሐሊብ (ሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጎዳና በተዘረጋው የከዋክብት ጭፍራ) ብርሃን ቀጥ ብላ እንደምትሄድ አሳይተዋል። ይህን ለማወቅ ምን አደረጉ መሰለህ? ከካርቶን ትንሽ ኮፍያ ሠርተው አጠለቁላት። ሰማዩ ሲጋረድባት መንገዷ ተወለጋገደ። ኮፍያ ያደረገች ጥንዚዛ መሣል ካማረህ ይኸውልህ ታሪኩ፣ ያውም እውነተኛ።

ጥያቄ፦ ስንት ገጽ ይሁን? (እኚሁ ጸሐፊ)

የተለመደው 32 ገጽ ነው። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16፣ 16 ገጽ ስለሚወጣው ለማተሚያ ቤትም ይመቻል። ሥዕሉ የተናገረውን በጽሑፍ አትድገመው።

ጥያቄ፦ ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የሚወደው የነፍሳት መጽሐፍም እንግሊዝኛ ነው። እንዴት በአማርኛ ላንብብለት? (አባት፣ ከሜሪላንድ)

አታንብብለት፣ ተርክለት። ጽሑፉን ተወውና ሥዕሉን እያሳየህ የራስህን አውራ። በተረታችን አያ ጅቦ አለ፣ እመት ጦጣ አለች። አንተ ደግሞ እመት ፌንጣንና አያ ጉንዳንን ጨምርበት። ድምፅህን ቀያይር፤ ጉንዳኑ ይኩራ፣ ፌንጣዋ ትነጫነጭ። «ተረት ተረት» ስትለው «የላም በረት» እንዲልህም አስለምደው። በአማርኛ መመለስ የሚጀምረው በዚሁ ነው። እንግሊዝኛውን እናቱ ወይም ትምህርት ቤቱ ያንብቡለት፣ ምንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን ካነበብን በኋላ ተማሪዎቼን ወደ ግቢው ላወጣቸው ነው። ምን ልጠንቀቅ? (መምህርት፣ ከሐዋሳ)

ጸጉራም አባጨጓሬ በእጅ እንዳይነኩ ይንገሯቸው፣ ያሳክካል። ተርብ ወይም ንብ ያለበት አካባቢ አያስጠጓቸው። ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ የሚቆጣ ልጅ መኖር አለመኖሩን ወላጆችን አስቀድመው ይጠይቁ። ድንጋይ ሲገለብጡ በእንጨት ይሁን። አይተው ሲጨርሱ ደግሞ ቦታው ይመልሱት፤ ከሥሩ የሚኖሩት እርጥበትና ጥላ ይፈልጋሉ። ጊዜው ከተመቸዎት መስከረምን ይምረጡ፤ አደይ ሲፈነዳ ንቡም ቢራቢሮውም አይጠፋም።