ለጎንደር ልጆች አካውንታችሁን አታውሱ

በአሜሪካ ረዥም ዘመን ኖሬ ወደ ጎንደር እንደተመለሰ ሰው፣ ከአሜሪካ ለጥምቀት ስትመጡ ለእህትና ለወንድም ልጆች ከስልክ ጋር የምትሰጡት አንድ ስጦታ ያሳስበኛል፤ እርሱም በእናንተ ስም ተከፍቶ በእናንተ ካርድ የሚከፈልበት የቻትጂፒቲ ወይም የመሰል ቻትቦት (ለሚጻፍለት እንደ ሰው የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም) አካውንት ነው። ለትምህርቱ ይረዳዋል ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይረዳውማል። ነገር ግን ኩባንያው የሚያውቀው ዕድሜውን አዋቂ ብሎ ያስመዘገበ ደንበኛ እንጂ፣ የሌሊት ጥቅል ይረክሳልና ማራኪ ወይም አዘዞ ተቀምጦ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ የሚጽፈውን የ15 ዓመት ልጅ አይደለም።

የዚህ ልዩነት ክብደት የሚታየው ጉዳት ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፍሎሪዳ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራሱን ካጠፋ በኋላ እናቱ ካራክተር ኤአይ የተባለውን ኩባንያ ከሰሰች፤ ኩባንያው የቻትቦቱ ቃል በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ንግግር ነው ብሎ ቢከራከርም፣ ዳኛዋ በ2025 ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የ16 ዓመት ልጃቸውን በተመሳሳይ ሁኔታ ያጡ ወላጆች የቻትጂፒቲን ባለቤት ኦፕንኤአይን ከሰሱ። ኦፕንኤአይ በመከላከያ መልሱ ኃላፊነቱን ክዶ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ፣ ልጁ የአጠቃቀም ውሉን ጥሷል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ መጠቀም አይችልም የሚል ነበር። ልጅ ለሞተበት ቤተሰብ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ለእኔ ነውር ነው፤ ሆኖም ለፍርድ ቤት የቀረበ ክርክር ነውና አቅልለን ልናየው አንችልም። ያው ውል አካውንትን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትንም ስለሚከለክል፣ አካውንቱን ያዋሰ ዘመድ ለኩባንያው ተጨማሪ መከራከሪያ እያቀበለ ነው።

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ የወዳጅነት ቻትቦት፣ ማለትም እንደ ጓደኛ የሚያወራ ቻትቦት፣ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ለአካለ መጠን ላልደረሰ ተጠቃሚ የሚያነጋግረው ሰው እንዳልሆነ ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ እንዲያስታውሱት ያስገድዳል፤ ይህ ግዴታ የሚነሣው ግን ድርጅቱ ተጠቃሚው ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው። በእኛም አገር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085፣ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ቻትቦት «ዕቃ» ነው ወይ የሚለው ክርክር ቢያልፍ እንኳ፣ ካሊፎርኒያ ያለን ኩባንያ ጎንደር ከተማ ፍርድ ቤት ማቅረብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልጁ በራሱ ስምና በእውነተኛ ዕድሜው ይመዝገብ። ኦፕንኤአይ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የወላጅን አካውንት ከታዳጊው ጋር የማገናኛ መንገድ ከፍቷል፤ በዚህም የመጠቀሚያ ሰዓትን መወሰን ይቻላል፣ ከባድ የጭንቀት ምልክት ሲታይም ለወላጅ ማስጠንቀቂያ ሊላክ ይችላል። እናቱ ወይም አባቱ በዚያ መንገድ ቢገናኙት ይሻላል፤ ማስጠንቀቂያው ሚኒያፖሊስ ለተኛ አጎት ቢደርስ በዚያ ሌሊት የልጁን በር የሚያንኳኳ የለምና።

በተለይ የምለምናችሁ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት ትምህርታቸው ስለተቋረጠባቸው፣ ሐዘንና ፍርሃት በቤታቸው ስለገባ ልጆች ነው። የሚያዋየው ያጣ ልጅ ሁልጊዜ ለሚመልስለትና ፈጽሞ ለማይቆጣው ቻትቦት ልቡን ቢከፍት አይፈረድበትም። ነገር ግን ቻትቦቱ ልጁን አሜሪካ ያለ መስሎት ራስን ማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች በተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ ስልክ 988 ደውል ቢለው፣ ያ ቁጥር ጎንደር ላይ አይሠራም። እናንተ ስትደውሉ ስለ ትምህርት ውጤቱ ብቻ አትጠይቁት፤ ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያወራና ምን እንደሚባባሉ ሳትቆጡ ጠይቁት። ራሱን ስለመጉዳት አንድ ቃል ከሰማችሁ በዚያው ሰዓት ለቤተሰቡ ደውላችሁ ብቻውን እንዳይተዉትና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና እንዲወስዱት አድርጉ።

አካውንቱን ቀድሞ ያዋሳችሁና አንዳች ጉዳት የደረሰ እንደሆነ፣ ደንግጣችሁ እንዳትዘጉት፣ ንግግሩንም እንዳታጠፉት። በሁለቱም የአሜሪካ ክሶች ቤተሰቦቹ የተመረኮዙት በተቀመጡት የልጆቻቸው ንግግሮች ላይ ነው፤ ባለቤቱ እናንተ ስለሆናችሁ ሙሉውን ቅጂ ከኩባንያው አውርዳችሁ ለወላጆቹና ለጠበቃ ማስረከብ የእናንተ ድርሻ ነው።