ሐይቅ ላይ ለመሮጥ ለምትመጡ፦ ዳገቱን ተዉት፣ ቁልቁለቱን ፍሩ

የወንድማችን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ አምስት ሆነን ወደ ወሎ እንመጣለን። ቅዳሜ ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ በቀላል ሩጫ እንወርዳለን። እሁድ ደግሞ ሐይቁ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ረጅም ሩጫ አስበናል። ዳገቱ ይከብዳል ወይ? ምን ይዘን እንምጣ?»

ሰላም ወንድሜ። ስለ ዳገቱ አትጨነቁ። እንጦጦን የለመደ እግር የሐይቅን ኮረብታ አያቅተውም። እኔን ያስደነገጠኝ የቅዳሜው እቅዳችሁ ነው። እኛም በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ያቀድነው ቁርጥ ይህንኑ ነበር። ሰባት ነበርን። እኔን አራት ወር ከሩጫ አስቀርቶኛል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ።

1ኛ. ቅዳሜ ከደሴ እየሮጣችሁ አትውረዱ። በመኪና ውረዱ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቅ ገብታችሁ አመሻሹ ላይ ግማሽ ሰዓት እግራችሁን አፍታቱና ተኙ።

2ኛ. ከማንም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለማግኘት ስትሉ ጠዋታችሁን አታቃጥሉ። ይህንን ምክር በአንድ መስመር ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የኛ ጣጣ የጀመረው እዚያ ነው።

አንድ ወዳጃችን «ብዙ ሆናችሁ ስትሮጡ፣ ፎቶም ስታነሱ ማናችሁ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ ደብዳቤ ያዙ» አለን። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። «ነገ ጠዋት ተረኛ አለ፤ ኑ» ተባልን። ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ መሮጥ የነበረብን ሰዎች 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሩጫ ልብስ ለብሰን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ተረኛው የመጣው ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ሻይ አዘዘ። ስልክ አወራ። ከዚያ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየን «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ናችሁ?» አለ።

«መሥሪያ ቤት የለንም፤ ጓደኛሞች ነን» አልነው።

«ጓደኛሞች ማኅተም የላቸውም» አለና ወረቀታችንን በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰልን።

እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። የለም ማለት መብቱ ነው፤ ግን ዓርብ ማለት ይችል ነበር። ከመካከላችን አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ያደረች ነርስ ነበረች፤ እንቅልፏን ትታ ነው የመጣችው። አንድ «ይቅርታ» እንኳን አልሰማንም።

አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ሐይቅ ስንደርስ የምንሮጥበትን ሰፈር የሚያውቅ የአገር ሽማግሌ እንፈልጋለን። ቁጭ ብለን ሰላምታ እንሰጣለን፤ ማን እንደሆንን፣ የት ጀምረን የት እንደምንጨርስ እንናገራለን። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ኮረብታው ላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢኖር «የእገሌ እንግዶች» ትባላላችሁ፤ መንገዱም ይከፈታል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ከማኅተም ይበልጣል። ስለ መንገዱ ደኅንነት ግን ቀልድ የለም። ከአዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊት፣ በዚያው ሳምንት፣ ደሴና ሐይቅ ካለ ሰው ጠይቁ። አልተረጋጋም ከተባላችሁ ሌላ ጊዜ ኑ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። እኛም በየዓመቱ አልተሳካልንም፤ ሲረጋ ነው የምንሮጠው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከቢሮው ስንወጣ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሻንጣችንን የያዘልን የኮንትራት ሚኒባስ ሾፌር ሌላ ሥራ ተቀብሎ ነበርና «ሐይቅ ላይ እስከ 7 ሰዓት ብቻ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ነዳ። ውሃችንም፣ ልብሳችንም፣ ምሳችንም እሱ ጋ ነው። በሁለት ሰዓት ተኩል 30 ኪሎ ሜትር ማለት አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ማለት ነው። ለቀላል ሩጫ የወጣ ቡድን በፀሐይ፣ በአስፋልት፣ በዚያ ፍጥነት መሮጥ አልነበረበትም።

ግን ሮጥነው። ክፋቱ ደግሞ ደስ ማለቱ ነው! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። መንገዱ መውጣትና መውረድ ቢኖረውም ድምሩ ቁልቁለት ነው። በወረዳችሁ ቁጥር ትንፋሽ ይቀላችኋል። ሳንባ «ጨምር፣ ጨምር» ይላል። እናንተም ከአዲስ አበባ ከፍታ ስለምትመጡ ያው ነው የሚገጥማችሁ። እንዲያው ኮንዲሽናችን የመጣ መስሎን እርስ በርስ «ዛሬማ ሰውነት አለ!» እየተባባልን ወረድን። ሕፃናት በኮንጎ ጫማ አብረውን እየሮጡ «አይዞህ! አይዞሽ!» ይሉን ነበር። ለ7 ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሚኒባሱ ጋ ደረስን። ተቃቀፍን። ፎቶ ተነሣን።

እሁድ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ከአልጋዬ ተነሣሁና ደረጃው ጋ ደረስኩ። ያረፍንበት ቤት ፎቁ 14 ደረጃ አለው፤ ቁጥሩን የማውቀው አንድ በአንድ ስለቆጠርኩት ነው። የመጀመሪያውን ልወርድ ቀኝ እግሬን ሳወርድ ግራ ጭኔ ከዳኝ። ጉልበቴ ታጠፈ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እንደ ሕፃን ወደ ኋላ፣ አንድ ደረጃ ላይ ሁለቱንም እግር እያሳረፍኩ ወረድኩ። የቤቱ እናት ግቢ እየጠረጉ ነበር። መጥረጊያቸውን ጥለው መጡና ክንዴን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። በርጩማ ላይ አስቀምጠው ቡና አፈሉልኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ከሰባታችን አምስታችን ከዚያ ግቢ አልወጣንም። ለወራት ያሰብነው የኮረብታ ሩጫ በዚያው ቀረ።

ምክንያቱን በኋላ የነገረኝ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ዳገት ስትወጡ የጭን ጡንቻ እያጠረ ነው የሚሠራው። ቁልቁለት ላይ ግን እየተለጠጠ ክብደታችሁን ይይዛል፤ ፍሬን ይሆናል ማለት ነው። በጣም ጥቃቅን የሆነ መቀደድ ይደርስበታል። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ማግስቱን ይጀምርና በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ይብሳል። እናንተ ደግሞ ማግስቱን ነው ረጅሙን ሩጫ ያቀዳችሁት!

የጡንቻው ሕመም በሳምንቱ ለቀቀኝ። የጉልበቴ ውጪኛው ጎን ግን አልለቀቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫ ነበር። ቲሸርቴን ገዝቼ፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። መስቀል አደባባይ ዳር ቆሜ ሰው ሲያልፍ አየሁ። ቲሸርቱን ለብሼው ነበር። አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም።

የጉዳቱን ታሪክ እዚህ ላይ ልተወውና በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ተመልሰን ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ እናንተም በሱ ሂዱ።

ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምረን በሳምንት አንድ ቀን ቁልቁለት ተለማመድን። መጀመሪያ አጭር፣ ለስላሳ ኮሮኮንች ላይ። ጡንቻ ይህንን ነገር ቶሎ ይማራል፤ አንዴ በልኩ ከጎዳችሁት ቀጣዩን ይችለዋል። አስፋልት ላይ ቁልቁለት አንለማመድም። አወራረዱንም አስተካከልን። እርምጃ አጭርና ፈጣን። ተረከዝን ከፊት ወርውሮ ፍሬን መያዝ የለም። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ ሰውነት ወደ ኋላ አይጋደም፣ ክንድ ለሚዛን ይከፈት። ዓይን እግር ሥር ሳይሆን አምስትና ስድስት እርምጃ ፊት። ጥፍራችሁን ከሦስት ቀን በፊት ቁረጡ፤ አለበለዚያ ይጠቁራል። የጫማውን ክር ላይኛው ቀዳዳ ላይ ጠበቅ አድርጉት፣ ጣት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት።

ቅዳሜ በመኪና ወረድን። እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን፤ ከዚያ በፊት ጅብ ስላለ አትውጡ። ውሾችም አሉ። ቆማችሁ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ብትሉ ይበቃል፤ ሮጣችሁ አትሽሹ።

ሐይቁን ሙሉ አንዞርም ብለን ወሰንን። በኮረብታው ጀርባ ሄደን በዚያው ተመለስን፤ በሰዓቴ 26 ኪሎ ሜትር ነበር። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ቁልቁለት ላይ ፊት የሚመራው ከሁላችን ዝግ የሚለው ሰው ነው። ማንም አይቀድመውም። ዳገት ላይ የፈለገ ይሂድ፣ ጫፍ ላይ ይጠብቅ። ይህቺን ሕግ ያመጣችው ያቺው ነርስ እህታችን ናት። ዘንድሮ ስትመጡ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህቺን ሕግ ያዙ።

ጥቅምት ላይ ወሎን ላላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ዝናቡ ቆሟል። ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ጠዋት ጤዛው ካልሲያችሁን ያረጥበዋል። ከጫፉ ስትደርሱ ሐይቁ ከሥር ጸጥ ብሎ ተኝቶ ታዩታላችሁ፤ ጭጋጉ ከላዩ ላይ ቀስ እያለ ይነሣል። ከወዲያ ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ይታያሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ነው። ልትሳለሙ ካሰባችሁ ሴቶች እንደማይገቡ ቀድማችሁ እወቁ፤ አብራችሁ እህት ካለች በር ላይ ደርሳ እንዳትከፋ።

መንገዱ እርሻ መሀል ሲገባ አንድ በአንድ ሆናችሁ በድንበሩ ሂዱ። ጎን ለጎን እያወራችሁ የሰው ጤፍ አትርገጡ። እኛ ገና ስንቃረብ አንድ ገበሬ «ጤፌን እንዳትረግጡብኝ!» ብለው ጮኹ። ቆምን፣ ሰላም አልን፣ በዳሩ ዞርን። ስንመለስ እዚያው ድንበር ላይ ጥንቅሽ ቆርጠው ይዘው ጠበቁን። 19ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበርን፣ ጉልበት ያለቀበት ሰዓት። ልጣጩን በጥርሴ ገፍፌ ስመጠው ያ ጣፋጭ ውሃ እስከ አገጬ ወረደ። እስካሁን እንደዚያ ያለ ነገር ሩጫ ላይ ቀምሼ አላውቅም። «ደግሞ ለመንገድ» ብለው አንዳንድ ጨመሩልን።

ምን ይዘን እንምጣ ላላችሁት፦ ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፤ ኮረብታው ላይ ሱቅ የለም። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐዩ ይበረታል። በሶ በማር በጥብጣችሁ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉበት፤ ለኔ ከታሸገው ጄል ይሻለኛል፣ ሆዴንም አይረብሸኝም። ደረቅ ካልሲ። የዝናብ ልብስ ቀላል የሆነ፤ አልፎ አልፎ ይጥላል፣ ያኔ ዋልካው ጫማ ሥር ይጋገራል። ስትጨርሱ እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ መዘፍዘፍ ያምራችኋል። ይቅርባችሁ። ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ትል እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ውሃ ዳር ነው የሚገኘው። ከቧንቧ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ቅዱና እግራችሁን እዚያ ንከሩ።

ሰባታችንም አብረን ጨረስን። የመጨረሻውን ዳገት ነርሷ መራችው፤ በ2011 ያንን ሁሉ ቁልቁለት እያነከሰች የጨረሰችው እሷ ናት። ከዚያ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ቀረበልን። የሚጾመው በአንድ ሳሕን፣ የማይጾመው በሌላ፣ ሁሉም በአንድ ገበታ። እኔ ሰኞ ጠዋት ደረጃ የወረድኩት ፊቴን ወደ ፊት አድርጌ ነው።

ቀኑን ስትቆርጡ ጻፉልኝ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር እንጠብቃችኋለን። ከአምስታችሁ ዝግ የሚለው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ቁልቁለቱን የሚመራን እሱ ነው።