ልጅሽ ላቲን ትውሰድ ወይስ ስፓኒሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅሽ 9ኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ቨርጂኒያ ናችሁ፣ እሷ ላቲን ካልወሰድኩ ብላለች፣ አንቺ ደግሞ «የሞተ ቋንቋ ምን ያደርግላታል? ስፓኒሽ አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ሃይስኩል ሁለቱንም ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ላቲን፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ስፓኒሽ። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው።

ከአዲስ አበባ ስመጣ 14 ዓመቴ ነበር። ካውንስለሬ «መጀመሪያ እንግሊዝኛሽን አስተካክዪ፣ ሌላ ቋንቋ ይደራረብብሻል» አለችኝ። እናቴ እምቢ አለች። የስፓኒሽ ክፍሉ ሞልቶ ስለነበር ላቲን ደረሰኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ፑዌላ ካኔም አማት» ብለው ጻፉ። ልጅቷ ውሻውን ትወዳለች ማለት ነው። ቀጥለው ቃላቱን አገላበጡና «ካኔም ፑዌላ አማት» አሉ። «አሁንስ ማን ማንን ይወዳል?» ክፍሉ በሙሉ «ውሻው ልጅቷን» ብሎ መለሰ። በእንግሊዝኛ ቦታ ሲቀየር ትርጉሙም ይቀየራላ! እኔ ግን «ካኔም» መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» የእኛዋ «ን» መሆኗ ወዲያው ገባኝ። ውሻውን ልጅቷ ትወዳለች። ብታገላብጪው ያው ነው። እጄን አወጣሁ። አሜሪካ ክፍል ውስጥ በትክክል የመለስኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ያ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ልነግርሽ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ልጅሽ ላቲንንም ሆነ ስፓኒሽን ከእንግሊዝኛ ጋር ብቻ እያስተያየች አትማር። ከአማርኛ ጋር ታስተያየው። በላቲን ግሱ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እንደ እኛ። «አሞ» እወዳለሁ ነው፣ «አማሙስ» እንወዳለን ነው። «እኔ»፣ «እኛ» ማለት አያስፈልግም፣ ግሱ ራሱ ይናገራል። ስፓኒሽም እንደዚሁ ነው። የክፍል ጓደኞቼ «ኘ»ን ለማውጣት ሲታገሉ እኔ ከፊደል ገበታ ይዣት መጥቻለሁ። «ረ»ን ማጥበቅም በረረ፣ ጠረረ እያለ ላደገ ሰው ምንም አይደለም። «ቱ» እና «ኡስቴድ» ደግሞ አንተ እና እርስዎ ናቸው። ይህን ለሐበሻ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ላቲን ቀላል ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። ስሞቹ በአምስት ምድብ ይረባሉ፣ እያንዳንዱም እንደ አገባቡ መጨረሻው ይለዋወጣል። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያወርድ ሰምተሽ ከሆነ እንደዚያ ነው፣ በቃል መያዝ ግድ ነው። ንግግርም የለበትም ማለት ይቻላል፣ ማንበብና መተርጎም ነው። ማውራት የምትወድ ልጅ ከሆነች ይሰለቻታል። «ላቲን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚልሽ ሰው ደግሞ፣ የግዕዝ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚገልጡት የጀርመናዊው ሊቅ የዲልማን መዝገበ ቃላት (1865 እ.ኤ.አ.) ግዕዙን የሚፈታው በላቲን ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውም የተጻፈው በላቲን ነው።

ወደ ስፓኒሽ ስዞር ላቲኑ ብዙ ረዳኝ። በላቲን «ክት» የነበረው በስፓኒሽ «ች» እየሆነ ይመጣል። ኦክቶ ኦቾ ሆነ (ስምንት)፣ ኖክቴም ኖቼ (ሌሊት)፣ ላክቴም ሌቼ (ወተት)። ይህች አንዲት ነገር ስትገባሽ ቃላቱ ራሳቸው ይመጡልሻል።

ስፓኒሽ ግን ለእኔ እንጀራ ነው። አንድ ቀን አንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ በቀን አንድ ጊዜ ይላል። ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ግራ በተጋባ ፊት «ኦንሴ?» አሉኝ። እንግሊዝኛው «ዋንስ» እና ስፓኒሹ «ኦንሴ» አጻጻፋቸው አንድ ነው። ኦንሴ ግን አሥራ አንድ ነው። በቀን አሥራ አንድ ክኒን! «ኖ ሴኞራ፣ ኡና ቤስ አል ዲያ» አልኳቸው፣ አይ እመቤቴ፣ በቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሲመጣ አወሳሰዱን በቃል ሳልነግር አልሸኝም።

ስለዚህ አንድ ብቻ የምትወስድ ከሆነ ስፓኒሽ ትውሰድ። እዚህ አካባቢ በየቀኑ ትጠቀምበታለች። አራቱንም ዓመት ቋንቋ የምትማር ከሆነ ግን ላቲኑን አትከልክያት፣ ራሷ ፈልጋዋለችና። ለአድቫንስድ ዲፕሎማ (ከመደበኛው ከፍ ለሚለው የቨርጂኒያ ሃይስኩል ዲፕሎማ) ወይ አንድ ቋንቋ ሦስት ዓመት፣ ወይ ሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ነው የሚጠየቀው፣ ስለዚህ እንደ እኔ ማድረግ ትችላለች። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ቋንቋ ረዘም አድርጎ የተማረ ተማሪ ይመርጣሉ፣ የምታስበው ትምህርት ቤት ካለ ድረ ገጹን እዩ።

አማርኛ ማንበብና መጻፍ የምትችል ከሆነ ደግሞ፣ ፈተና ወስዳ በአማርኛ የቋንቋ ክሬዲት የምታገኝባቸው ካውንቲዎች አሉ። ለካውንስለሯ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊ። እስከዚያው «ካኔም ፑዌላ አማት»ን ስጫትና በአማርኛ ትፍታልሽ።